የኤንጂሲ 1365 ባር ጥቁር ጉድጓዱን እየመገበው ነው ወይ?

ሰላም ቤቶች። ነገሩ ወዲህ ነው፣ ሰሞኑን የኤንጂሲ 1365ን ፎቶዎች ሳገላብጥ ነበር፣ ያው በደቡብ ሰማይ ፎርናክስ የሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለው፣ 60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ትልቁ ባለ ባር ጋላክሲ። ያላያችሁት ካላችሁ በቃ እዩት፣ ሌላ አልልም። መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጥ ያለ የከዋክብት ባር አለው፣ ከባሩ ሁለት ጫፎች ደግሞ ሁለት ክንዶች ተነስተው ዞር ብለው ይሄዳሉ። እኔን የያዘኝ ግን ክንዱ አይደለም። ባሩ ላይ ጠቆር ያሉ የአቧራ መስመሮች አሉ፣ ከጫፍ ተነስተው እስከ መሃል የሚወርዱ፣ ጋዝ ወደ መሃል የሚፈስበት መንገድ ናቸው ይባላል። መሃል ላይ ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ አለ። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ባሩ የሚያመጣው ጋዝ ቀጥ ብሎ ጥቁር ጉድጓዱ ጋ ነው ወይ የሚደርሰው? ማለቴ ባር ያለው ጋላክሲ ሁሉ ጥቁር ጉድጓዱ ከሌላው ጋላክሲ የበለጠ ይበላል ማለት ነው?

(ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለምትገቡ ብዬ መልሶቹን በየቁጥራቸው እዚሁ ከስር ጽፌያቸዋለሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ በራሴ አባባል ነው፣ አድሚን ያጠፋቸውን ስድቦች ደግሞ ዘልያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

1ኛው መልስ የመጣው ወዲያው ነው። ጨዋ ሰው ነው፣ ሰላምታው ብቻ ሁለት መስመር ነበር። መልሱ አዎ ነው። ባሩ ውስጥ ያሉት ከዋክብት የሚዞሩት በክብ ሳይሆን በተለጠጠ ምህዋር ነው፣ ከዋክብት እርስ በርስ ስለማይጋጩ ምንም አይሆኑም፣ ጋዝ ግን ጋዝ ሲያገኝ ይጋጫል፣ ይታመቃል፣ አቧራው ጠቁሮ የሚታየን ልክ ያ ግጭት ያለበት ቦታ ላይ ነው፣ ለዛም ነው መስመሮቹ ባሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ከፊት ባለው ጠርዝ በኩል የሚገኙት። የተጋጨው ጋዝ አንጉላር ሞመንተሙን (በምህዋሩ የሚያቆየውን የመዞር ግፊት) ያጣና ወደ መሃል ይወርዳል። ስለዚህ ጥቁር ጉድጓዱ የሚኖረው በባሩ ነው ብሎ ዘጋው። እስከ ጋዙ መውረድ ድረስ ያለው እኔ እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ የጠራ ማብራሪያ ነው፣ ጦርነቱን ያስነሳችው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

2ኛው ምስጋና ብቻ። 3ኛዋ ልጅ በፌብሩዋሪ 2023 የተለቀቀውን የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ፎቶ ለጠፈች። በሚድ ኢንፍራሬድ (ዓይን በማያየው የሙቀት ብርሃን) የተነሳ ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል፣ በተለመደው ፎቶ ጥቁር የሆነው አቧራ እዛ ላይ ያበራል፣ ምክንያቱም በከዋክብት ብርሃን የሞቀ አቧራ ራሱ ኢንፍራሬድ ይለቃል። ክንዶቹ ላይ ደግሞ ወጣት ከዋክብት ጋዙን እየገፉ የከፈቷቸው ክፍት ቦታዎች እዚህም እዛም ይታያሉ። ይሄን አይቶ 4ኛው ሰውዬ ከመሬት ተነስቶ ፎቶው በኮምፒውተር የተቀባ ነው፣ እነሱ የሚለቁት ሁሉ ሥዕል ነው አለ። 5ኛው ትዕግስት አልነበረውም። ዓይን የማያየውን ብርሃን ለዓይን ለማሳየት የሆነ ቀለም መስጠት ግድ እንደሆነ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ፊልተር እንደመጣ ደግሞ ከፎቶው ጋር አብሮ እንደሚጻፍ ነገረውና አንብበህ ና ብሎ ሸኘው። 4ኛው ከዛ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እስከ 11 ድረስ ማለቴ ነው።

6ኛው ጥያቄዬን ጭራሽ አልነካውም፣ ግን ወድጄዋለሁ። ጋላክሲውን መጀመሪያ ያገኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ደንሎፕ ነው፣ በ1826፣ አውስትራሊያ ፓራማታ ሆኖ። ቀጥሎ ጆን ኸርሼል በ1830ዎቹ ቴሌስኮፑን ይዞ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ድረስ ሄዶ የደቡቡን ሰማይ ሲፈትሽ እሱም አይቶታል። ያኔ ጋላክሲ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ለነሱ ደብዛዛ ኔቡላ፣ ደመና መሳይ ነገር ነው በቃ። ህብረ ኮከቡን ራሱ የፈጠረው ደግሞ ፈረንሳዊው ላካይ ነው፣ እዛው ኬፕ በ1751 እና 52 ከሠራው ሥራ የመጣ ነው፣ የኬሚስቶችን ምድጃ አስቦ ነው ፎርናክስ ያለው። የደቡብ ሰማይ ላይ የላቦራቶሪና የመሣሪያ ስም የበዛው በሱ ነው።

7ኛዋ ላይ ክሩ መልኩን ቀየረ። ሴትዮዋ ከአጻጻፏ ሙያዋ ነው መሰለኝ። በትህትና ነው የጀመረችው፣ 1ኛው ያለው ፊዚክስ ልክ ነው፣ ግን ሁለት በጣም የተራራቁ ርቀቶችን አንድ አድርጓቸዋል አለች። ባሩ የሚያወርደው ጋዝ ጥቁር ጉድጓዱ ጋ አይደርስም፣ ከመሃሉ ሁለት ሦስት ሺህ የብርሃን ዓመት ሲቀረው ይቆማል። እዛ ቦታ ላይ የምህዋሮቹ ቅርፅ ይቀየርና ጋዙ ቀለበት ሠርቶ ይከማቻል፣ ይታመቃል፣ ከዋክብት ይወልዳል። የኤንጂሲ 1365 መሃል እንደዛ የሚያበራው አንዱ ምክንያት ይሄ ቀለበት ነው፣ ከባድ ከባድ ወጣት የኮከብ ክላስተሮች (ስብስቦች) ሞልተውታል፣ ብዙዎቹ በአቧራ ተሸፍነው ስለነበር ዌብ ነው የገለጣቸው። የጥቁር ጉድጓዱ ስበት የበላይ የሚሆነው ደግሞ በጣም ጠባብ ክልል ውስጥ ነው፣ ከቀለበቱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት። ከቀለበቱ እስከዛ ጋዙን የሚያደርሰው ሌላ ነገር መሆን አለበት፣ የጋዝ ክምችቶቹ እርስ በርስ መሳሳብ፣ የጋዙ መተራመስ፣ በአንዳንድ ጋላክሲ ደግሞ በትልቁ ባር ውስጥ ያለ ትንሽ ባር። የትልቁ ባር ሥራ ግን ቀለበቱ ላይ ያልቃል።

እኔ ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። ሰው ግን መልስ ሲገኝ አይበተንም።

8ኛው ራሱ 1ኛው ሰውዬ ነው፣ ቅር ብሎታል። ቀጥታ ይገባል የሚል ቃል አልወጣኝም አለ። 9ኛ ላይ ሴትዮዋ የገዛ ዓረፍተ ነገሩን ቁጥር ጠቅሳ መለሰችለት፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም፣ ያ ከስድብ ይብሳል።

10ኛው ቁጥር ይዞ መጣ። የኤንጂሲ 1365 ጥቁር ጉድጓድ ክብደት 2 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው። የኛው ሚልኪ ዌይ መሃል ያለው 4 ሚሊዮን ነው፣ ሳይንቲስቶቹ ጌንዘልና ጌዝ በዙሪያው የሚሮጡትን ከዋክብት ለዓመታት ተከታትለው በ2020 ኖቤል ካሸለማቸው ሥራ የመጣ ቁጥር ነው። ያን የሚያክል ጋላክሲ፣ ያን የሚያክል ባር፣ ጥቁር ጉድጓዱ ግን ከኛ ያነሰ! ባሩ ምግብ እያመላለሰለት ከኖረ ምግቡ የት ገባ ነው ጥያቄው። አክሎም የኛ ጋላክሲም ባር እንዳለው አስታወሰ፣ በ2005 በስፒትዘር ቴሌስኮፕ የተደረገው ጥናት ርዝመቱን 27 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ አድርሶታል፣ የኛው ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ አሁን ምንም የሚበላ አይመስልም፣ ጭር ያለ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ከክሩ ሁሉ ጠንካራው መልስ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከቀለበት ወሬ በፊት ራሱ ጥርጣሬ የሚያስገባ ቁጥር ነው።

11ኛው፣ እንዳልኳችሁ፣ 4ኛው ሰውዬ ተመለሰ። አሁን የምናየው ብርሃን ሲነሳ ዳይኖሰሮች መሬት ላይ ይራመዱ ነበር፣ ስለዚህ ጋላክሲው አሁን መኖሩን እንኳ ማን ያውቃል ዓይነት ነገር ነው። 12ኛው ዳይኖሰሮቹ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን ነግሮት፣ ብርሃኑ የተነሳው ከዛ በኋላ ነው፣ ስድስት ሚሊዮን ዓመት ለሱ ትንሽ ከሆነች ሌላ ጉዳይ ነው አለው። 13ኛው ነገሩን ወደ ቁም ነገር መለሰው፣ ጎበዝ። ጋላክሲው አንድ ዙር ለመዞር 350 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ብርሃኑ ከተነሳ ወዲህ የዞረው የአንድ ዙር ስድስተኛውን ያህል ብቻ ነው፣ ሄደን ብናየው አቅጣጫው ዞር ብሎ እናገኘው ይሆናል እንጂ ያው እሱው ነው።

ከ14 እስከ 17 ያለው ስለ ርቀት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

14ኛው ካልኩሌተር ይዞ ነው የመጣው። የጋላክሲው ሬድሺፍት (ሲርቀን ብርሃኑ ወደ ቀይ የሚሳብበት መጠን) ሲለካ በሰከንድ 1636 ኪሎ ሜትር ገደማ እየራቀን ነው ይላል፣ የሃብልን ቁጥር (ጋላክሲ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይሸሻል የሚለው ህግ ቁጥር) 72 አድርገህ ብታካፍለው 23 ሜጋፓርሴክ (አንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው) አካባቢ ይመጣል፣ ያ ማለት 74 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ ስለዚህ 60 የሚባለው ውሸት ነው፣ ከሱ የተሰላው መጠን ሁሉ ተሳስቷል። በጣም እርግጠኛ ነበር። 15ኛዋ ረጋ ብላ አስረዳችው። የዚህ ጋላክሲ ርቀት የተለካው በሬድሺፍት አይደለም፣ በሴፊዶች ነው፣ እነሱም እየደመቁና እየደበዘዙ የሚኖሩ ከዋክብት ናቸው፣ የአንዱ ዑደት በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀቱ እንደሚበልጥ ሄንሪየታ ሌቪት ነች ያገኘችው። የሃብል ቴሌስኮፕ በ1990ዎቹ እዚሁ ጋላክሲ ውስጥ 50 ገደማ ሴፊዶች ለይቷል፣ ከነሱ የወጣው ርቀት 18 ሜጋፓርሴክ አካባቢ ነው፣ 60 ሚሊዮን የመጣው ከዛ ነው። እንዲያውም 14ኛው ያካፈለበት 72 ራሱ የመጣው ይሄን ጋላክሲና ሌሎችንም በሴፊድ ለክቶ በ2001 ውጤቱን ካወጣው የሃብል ቁልፍ ፕሮጀክት ነው፣ በነሱው ልክ የተሠራ ቁጥር ይዞ ነው እነሱን የሚያስተባብለው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጋላክሲው የፎርናክስ ክላስተር የሚባል የጋላክሲዎች ስብስብ አባል ነው፣ ክላስተር ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የራሳቸው እንቅስቃሴ አላቸው፣ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር። 18ን በ72 ብታባዛው 1300 አካባቢ ይመጣል፣ የተረፈችው 340 ምናምን የጋላክሲው የራሱ ሩጫ ናት።

16ኛው 14 ነው፣ አልዋጥ አለው። ህግ ህግ ነው አለ። 17 ላይ 15ኛዋ ትህትናዋን አስቀመጠች፣ ጎረቤታችን ጋላክሲ አንድሮሜዳ ወደኛ እየመጣች ነው፣ በአንተ ህግ ርቀቷን አስላና ንገረን፣ ከዜሮ በታች ሲመጣብህ ደውልልን አለችው። ላይኩ ሞልቶ ፈሰሰ። ከባድ ነበር ግን ተገቢ ነው፣ የቅርብ ጋላክሲዎች ላይ ሬድሺፍትን እንደ ሜትር መጠቀም አይሠራም፣ እሩቅ ሲኬድ ነው የራስ እንቅስቃሴው ከዩኒቨርስ መስፋፋት አንፃር ኢምንት የሚሆነው።

18ኛው ከዚሁ ተነስቶ መጠኑን አሰላልን። ጋላክሲው ሰማይ ላይ በረጅሙ ጎን 11 አርክ ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ ስልሳኛ ነው) ገደማ ነው፣ የሙሉ ጨረቃን ሲሶ ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በ60 ሚሊዮን ሲባዛ 190 ሺህ የብርሃን ዓመት አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ ይሄ ለ10ኛው ነጥብ ማጠናከሪያ ነው፣ ጋላክሲው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዱ ትንሽ ላለው።

19ኛው ስለ ክንዶቹ ጠየቀ፣ የውስጡ ከውጪው ቀድሞ ስለሚዞር ክንዶቹ ለምን ተጠምጥመው ተጠምጥመው አያልቁም ነው። 20ኛው መለሰ፣ ክንድ ቋሚ የከዋክብት ስብስብ አይደለም፣ ከዋክብትና ጋዝ የሚጠጋጉበት ሞገድ ነው፣ ወረፋ እንደማለት፣ ሰዎቹ ይገባሉ ይወጣሉ ወረፋው ግን እዛው ይቆያል፣ ሊንና ሹ በ1964 በሒሳብ ያስቀመጡት ሐሳብ ነው። 7ኛዋ ገባችና እንዲህ ባለ ባር ጋላክሲ ላይ ሞገዱን የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ባሩ እንደሆነ አከለች፣ ክንዶቹ ከባሩ ጫፍ የሚነሱት በአጋጣሚ አይደለም። ያ 21 ነው።

ከዛ ክሩ ሜዳ ለቀቀ። 22ኛው በ2012 እዛ ጋላክሲ ውስጥ የፈነዳውን ሱፐርኖቫ (የሚፈነዳ ኮከብ) 2012ኤፍአር በራሱ ቴሌስኮፕ እንዳየው ተረከ፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ተገኝቶ 12ኛ ማግኒቲዩድ (የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይደምቃል) አካባቢ ድረስ ደምቋል፣ ከኒውክለሱ (ከጋላክሲው እምብርት) ጎን አንዲት ነጥብ፣ ለዓይኑ ከነጥብ ሌላ ምንም አልነበረችም ግን 60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ላይ ያለ አንድ ኮከብ ብቻውን ማየት ማለት ነው፣ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ ይላል። አምነዋለሁ። 23ኛው እዛ ጋላክሲ ውስጥ የታዩትን ሱፐርኖቫዎች ቆጠረለት፣ 1957፣ 1983፣ 2001 እና 2012፣ አራት። የ2001ዱን ያገኘው አውስትራሊያዊው ቄስ ሮበርት ኢቫንስ ነው፣ በካሜራ አይደለም፣ በዓይኑ ቴሌስኮፕ ውስጥ እያየ፣ ሰውየው የጋላክሲዎችን መልክ በቃሉ ይዞ አዲስ ነጥብ ሲመጣ የሚለይ ነበር። 24ኛው የትኛው ቴሌስኮፕ ይበቃል ሲል 22ኛው መለሰለት (25)፣ 20 ሳንቲሜትር መስታወት ጨለማ ሰማይ ላይ መሃሉንና የባሩን ፍንጭ ይሰጣል፣ ክንዶቹን እንደ ፎቶው አጠርቶ ለማየት ግን ትልቅ መስታወት ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ጨለማው ነው ወሳኙ፣ ጊዜው ኖቬምበርና ዲሴምበር ነው፣ ጋላክሲው ሰማይ ላይ ያለው 36 ዲግሪ ደቡብ ስለሆነ ከ54 ዲግሪ ሰሜን በላይ ያለ ሰው ጨርሶ አይወጣለትም። 26ኛው ይሄ የዕቃ ገበያ ነው ወይስ የጥቁር ጉድጓድ ክር ብሎ ጮኸ። አንድም ዕቃ የሸጠ የለም፣ ብቻ ይጮኻል።

27ኛው እሱን ለማረጋጋት ይመስል ወደ መሃሉ መለሰን። ኑስታርና ኤክስኤምኤም ኒውተን የሚባሉት የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች በ2012 አብረው ይሄንኑ ጥቁር ጉድጓድ አይተው በፌብሩዋሪ 2013 ውጤቱ ወጣ፣ በዙሪያው ካለው ጋዝ ውስጥ የብረት አቶሞች የሚለቁት የኤክስሬይ መስመር በስበቱ ተለጥጦ ተገኘ፣ ከዛ በመነሳት ጥቁር ጉድጓዱ ሊዞር ከሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት ቢያንስ 84 ከመቶ ያህል እየዞረ ነው ተባለ። ለጥያቄዬ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እንዲህ የፈጠነው የበላውን በአብዛኛው ከአንድ አቅጣጫ፣ በሥርዓት ስለበላ ሊሆን ይችላል፣ ከየአቅጣጫው ቁርጥራጭ ቢወድቅበት ኖሮ አንዱ የሌላውን ሽክርክሪት ያጠፋዋል። 28ኛው (1ኛው ሰውዬ ናቸው እንግዲህ፣ አሁን አንቱ ልበላቸው) ደስ አላቸው፣ ይኸው የባሩ ሥራ ነው አሉ። 29 ላይ 7ኛዋ በሥርዓት መብላቱን ብንቀበል እንኳ ሥርዓቱን የሰጠው ባሩ ነው ለማለት ከቀለበቱ እስከ ጥቁር ጉድጓዱ ያለውን ክፍተት መሙላት ይጠበቅብሃል አለች፣ ኃይለ ቃል አልነበረውም።

30ኛው ሁለቱም የዘነጉት ነገር ነበረው። ጋዝ መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም አለ። ከኒውክለሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አፉን የከፈተ የጋለ ጋዝ ኮን ይወጣል፣ በአዮን ኦክስጅን (ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን) ብርሃን ተነስቶ ታይቷል። እዛው ጥቁር ጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ ደመናዎች እየተመላለሱ ኤክስሬዩን ይጋርዱታል፣ የቻንድራ ቴሌስኮፕ በ2006 በየሁለት ቀኑ ሲያየው ግርዶሽ በቀናት ውስጥ መጥቶ ሲሄድ ነው የያዘው። ይሄን ያህል በፍጥነት መጋረዱ የኤክስሬዩ ምንጭ ስፋት ከፀሐይ ሥርዓታችን እንደማይበልጥ ያሳያል። ሦስት ሺህ የብርሃን ዓመት ላይ ካለው ቀለበት ጋር አወዳድሩት።

31ኛው ኤንጂሲ 1097ን አመጣ። እሱም ፎርናክስ ውስጥ ነው፣ እሱም ባር አለው፣ 5 ሺህ የብርሃን ዓመት የሚሰፋ የኮከብ መውለጃ ቀለበትም አለው፣ ጥቁር ጉድጓዱ ግን በአልማ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተለክቶ 140 ሚሊዮን ፀሐይ ነው የመጣው። ባርም ቀለበትም ያላቸው ሁለት ጋላክሲዎች፣ በጥቁር ጉድጓድ ግን ሰባ እጥፍ ይበላለጣሉ። 1ኛው ሰውዬ ይሄን ካነበቡ በኋላ የጻፉት 32 ላይ አለ፣ የ1097 ባር ምናልባት በዕድሜ ይበልጥ ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁ እንጂ አልተከራከሩም፣ 7ኛዋም ባር ተሠርቶ ሊፈርስ ስለሚችል ዕድሜውን ማወቅ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው ብላ ለእሱ አዲስ ክር ከፈተች። 33ኛው 26 ነው፣ አዲሱ ክር ውስጥ ቴሌስኮፕ እንዳይነሳ ከወዲሁ ያስጠነቅቃል።